የአሥረኛው ንጉሥ ፊት

በጌታ ልደት በ፲፯፻፵፮ ዓመት፣ በጥር ወር በአሥራ ስምንተኛው ቀን፣ በፎልከርክ ሜዳ በስኮትላንድ ደገኞች የተሸነፈው የለንደኑ ንጉሥ ጦር በዝናብ ርሶ ወደ ኤድንብራ ተመለሰ። ከከተማው ራስጌ ያለው ኮረብታ ደመና ለብሶ አይታይም ነበር፤ ከየቤቱ ክዳን የሚንጠባጠበው ጥቀርሻ የቀላቀለ ውሃ በካኖንጌት መንገድ ድንጋይ ላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ ፈረሰኞቹም ፈረስ የተረፈላቸው ፈረሳቸውን እየጎተቱ፣ ያልተረፈላቸው እርስ በርስ እየተደጋገፉ፣ ቀይ ካባቸው ጭቃ ጠጥቶ መልኩን ለውጦ፣ አንገታቸውን ደፍተው ወደ ሆሊሩድ ቤተ መንግሥት አለፉ። እነዚህ በዚያው ሰሞን «ደገኛውን እንደ በግ ነድተን እናመጣዋለን» ብለው ከበሮ እያስመቱ የወጡ ናቸው።

ሕዝቡ በየመስኮቱ ሆኖ ፊታቸውን ሲመለከት፣ ኒኒያን ፐርዲ የተባለው ሽማግሌ ጫማ ሰፊ ግን በሱቁ በር ላይ ቆሞ የሚያየው እግራቸውን ነበር። ሶሉ ተገንጥሎ በገመድ የታሰረ አለ፤ አፉን ከፍቶ ውሃ የሚተፋ አለ፤ አንድ እግሩን በጨርቅ ጠቅልሎ የሚያነክስ አለ።

«ልዑል ሆይ» አለው ከማዶ በሩ ላይ የቆመው ሻማ ሠሪው ኳንቲን፣ «ጦሩ ቤተ መንግሥትዎ ሊያድር ነው፤ ይፈቅዳሉ?»

«አንተ ሞራውን ሰም እያስመሰልክ የምትሸጠውን ሽጥ» አለው ኒኒያን፣ ዓይኑን ከእግሮቹ ሳያነሣ።

«ልዑል» የሚለው ስም ከልጅነቱ ጀምሮ የተጣበቀበት ነበር፤ ነገሩም እንዲህ ነው። የካኖንጌት ጫማ ሰፊዎች በያመቱ በጥቅምት የሙያቸውን ጠባቂ የቅዱስ ክሪስፒንን ቀን ሲያከብሩ፣ ከመካከላቸው መልከ መልካሙን መርጠው «ንጉሥ ክሪስፒን» ብለው ይሰይሙታል፤ በወርቅ ቀለም የተቀባ የወረቀት ዘውድ ጭነው፣ የተከራዩትን ካባ አልብሰው፣ በከበሮና በመለከት በአደባባይ ያዞሩታል፤ በማግሥቱ ንጉሡ ወደ ወስፌው ይመለሳል። ቀሳውስቱ የአረማዊ ጨዋታ ነው ብለው ቢገሥጹም ማኅበሩ አልተወውም፤ ዓመቱን ሙሉ ከሰው እግር ሥር የሚኖር ሰው አንድ ቀን ቀና ብሎ ቢሄድ ምን ነውር አለበት? ኒኒያን ገና ጡት ባልጣለበት ዓመት ዘውዱ ለአባቱ ለጋቪን ፐርዲ ደረሰው። በዚያው ወራት ከሆላንድ የመጣ አንድ ሠዓሊ የስኮትላንድን ነገሥታት በሙሉ፣ ከመጀመሪያው ከፈርጉስ ጀምሮ መቶ አሥሩንም፣ ለቤተ መንግሥቱ ረጅም አዳራሽ ሥሎ ሊያስረክብ ውል ገብቶ ነበር። የኋለኞቹን መልክ ከሳንቲምና ከአሮጌ ሥዕል ያገኘዋል፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት ነገሡ የተባሉትን ግን ማን አይቷቸው ያውቃል? ሠዓሊው በመስኮት ሆኖ ጋቪንን በወረቀት ዘውዱ ሲያልፍ አየውና አስጠራው፤ ጫማ ሰፊውም አሥረኛው ንጉሥ ፊናን ሆኖ ተሣለ። ከጎኑ ያሉትም እንዲሁ ከመንገድ የተለቀሙ ጠማቂና ሥጋ ሻጭ ነበሩ፤ ሠዓሊው ቸኩሏልና ለሁሉም አንድ ዓይነት አፍንጫ አደላቸው።

ኒኒያን ጎረምሳ ሲሆን አገሪቱ ጥሪቷን አራግፋ በሩቁ በዳርየን የባሕር ዳርቻ ቅኝ ልታቀና መርከብ ላከች፤ ጋቪንም ለሰፋሪዎቹ ጫማ ሊሰፋ አብሮ ተሳፈረ፤ ከሄዱት የሚበዙት በንዳድ አለቁ፤ እርሱም አልተመለሰም። በዚያ ኪሳራ የደኸዩት መኳንንት ከጥቂት ዓመት በኋላ ከእንግሊዝ ጋር አንድ መንግሥት ለመሆን ፈረሙ፤ ሸንጎው ተዘጋ፤ ዘውዱ፣ በትረ መንግሥቱና ሰይፉ በሣጥን ተቆልፈው በአምባው ምሽግ ተቀመጡ። መጽሐፍ አዋቂው ያንን ዘመን አገር የጠፋበት ይለዋል፤ ለኒኒያን አባት የጠፋበት ነበር። ድኻ ሰው ሲሞት መልኩ አብሮት ይሞታል፤ የጋቪን መልክ ግን በሆሊሩድ ግድግዳ ላይ፣ በሌላ ሰው ስም፣ ቀርቶ ነበር።

ያንን መልክ ለማየት በአዳራሹ አጋፋሪ በሂው ዳልማሆይ በኩል ማለፍ ግድ ነው። ዳልማሆይ የአዳራሹን ቁልፍ ከአባቱ የወረሰ፣ የመቶ አሥሩን ነገሥታት ስምና ዘመን እንደ ዳዊት የሚደግም፣ ከሲታና ኩሩ ሰው ነበር። ኒኒያንን በዓመት አንድ ጊዜ በወጥ ቤት በር ያስገባዋል፤ ኒኒያንም በምላሹ የአጋፋሪውን ቤተ ሰብ ጫማ ያድሳል።

«እጅህን ወደ ኋላ አድርገህ ቁም» ይለዋል ዳልማሆይ፤ «የቆዳ ሽታህ ንጉሡ ላይ እንዳይቀር።»

«ንጉሡ እንኳ ሽታውን ለምዶታል፣ ጌታው» ይላል ኒኒያን።

እንግዳ ባለበት ግን አጋፋሪው አያውቀውም። ባለፈው መስከረም ከስቱዋርት ዘር የሆነው ወጣት ልዑል ከባሕር ማዶ መጥቶ፣ የአባቶቼን ዙፋን እመልሳለሁ ብሎ ከደገኞቹ ጋር ከተማዋን ለጥቂት ሳምንት በያዘ ጊዜ፣ በዚያ አዳራሽ የዳንስ ግብዣ ተደረገ፤ ኒኒያን ለወይዛዝርቱ ያደሰውን ጫማ ታቅፎ ቢመጣ አጋፋሪው ጫማውን ከደረጃው ላይ ተቀብሎ በሩን ዘጋበት። አባትየው ከላይ ተሰቅሎ ጭፈራውን ሲያይ ልጁ ደጅ ዝናብ መታው። ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ይረሳል ይላሉ፤ እንዲህ የሚሉት በር የሚዘጉት ናቸው።

ጦሩ በገባ በማግሥቱ፣ ቀትር ላይ፣ ኳንቲን ባዶ የሻማ ቅርጫቱን ይዞ ወደ ኒኒያን ሱቅ ገባ።

«ልዑል ሆይ፣ ዘመዶችዎን እየፈጇቸው ነው» አለ።

«ምን ትቀባጥራለህ?»

«ፈረሰኞቹ ረጅሙ አዳራሽ ውስጥ ጭድ አንጥፈው ሰፍረዋል። ፎልከርክ ላይ ያጡትን ድል ግድግዳው ላይ እየፈለጉት ነው። የዚያ የስቱዋርት አያቶች ናችሁ እያሉ ነገሥታቱን በጎራዴ ይተለትሏቸዋል። ሻማ ላስረክብ ገብቼ ያየሁትን ነው የምነግርህ።»

ኒኒያን ወስፌውን አስቀምጦ ተነሣ። «የት ድረስ ደረሱ?»

ኳንቲን የሰውየውን ፊት አየና ፌዙን ተወ። «ከኋለኞቹ ነው የጀመሩት» አለ ዝግ ብሎ፤ «ጥንቶቹ ዘንድ ገና አልደረሱም።»

«ቁጭ በል» አለችው የኒኒያን ሚስት ግሪዜል ከሱቁ ጓዳ፣ የአጃውን ገንፎ ከእሳት እያወረደች። «ሙት ሁለት ጊዜ አይሞትም።»

«የኔው ሊሞት ነው እኮ።»

«አንተም እንዳትከተለው ነው የምልህ። ተሸንፎ የጠጣ ወታደር ሽማግሌ አይለይም።»

«ጫማ ሰፊ ይፈልጋሉ፤ እግራቸውን አይቻለሁ።»

«አማቴን እኔ በዓይኔ አይቼው አላውቅም» አለች ግሪዜል። «ምን ይመስል እንደነበር አንተን አይቼ ነው የምገምተው፤ ለኔ በቂዬ ነው። ላንተ እንዴት አይበቃህም? አሥራ አምስት ዓመት አብረኸው ኖረሃል።»

ኒኒያን የቆዳ ሽርጡን መፍታት ጀመረ። «መርከብ ሲሳፈር ጀርባውን ነው ያየሁት» አለ። «ከዚያ ወዲህ ሳስበው የሚመጣብኝ ዘውድ ጭኖ ነው። ያለ ዘውዱ ላስታውሰው እሞክራለሁ፤ እምቢ ይለኛል። ያቺ ሸራ ከሄደች አባት እንደነበረኝም በወሬ ነው የማውቀው።»

ግሪዜል የመሣሪያ ከረጢቱን ከተሰቀለበት አውርዳ ሰጠችው። «ሂድ እንግዲህ፤ ሞኝ የያዘውን አይለቅም ይባል የለ» አለች።

ዘበኞቹ ከረጢቱን አይተው አሳለፉት፤ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ በፊት ለፊቱ በር ገባ። አዳራሹ በእርጥብ ሱፍና በፈረስ ላብ ይሸታል፤ ነገሥታቱ በግራና በቀኝ ተሰልፈው፣ ከበሩ በኩል ያሉት ከግንባር እስከ አገጭ ተቀደው፣ ሸራቸው እንደ ተገነጠለ ከንፈር ተንጠልጥሎ ነበር። አጋፋሪ ዳልማሆይ በመካከል ቆሟል፤ ሰው ሠራሽ ጠጉሩ ወደ አንድ ጆሮው አዘንብሏል፤ የማይዘጋ በር ቁልፍ በሁለት እጁ ጨብጧል።

«ጫማ ሰፊ ነህ?» አለ ራሱ በጨርቅ የታሰረ፣ ደረተ ሰፊ ሰው። ሃምሳ አለቃ ቴቡት ይባላል፤ መኮንኖቹ ከተማ ገብተው ስለ ነበር በዚያ አዳራሽ ያለው ትእዛዝ የእርሱ ነው። «እግዜር ይስጥህ፣ ሽማግሌው። የፈለግኸው ቦታ ተቀመጥ፤ ጫማው እንደሆነ እስከ ፋሲካም አያልቅልህ።»

ኒኒያን ከንጉሥ ፊናን እግር ሥር ተቀመጠ። ወታደሮቹ ቶሎ ይሰለቻሉ ብሎ ተስፋ አድርጎ ነበር፤ አልሰለቹም። እየተሣሣቁ፣ እያንዳንዱን ንጉሥ በሜዳው ላይ ያባረራቸው ደገኛ እያደረጉ ይመጣሉ። «ፈረሴን የወጋው ይኼ ነው»፤ ሸራው ይጮኻል። «ይኼኛው ባርኔጣዬን ወስዷል፣ መልስ»፤ እንደገና ይጮኻል። ኒኒያን ክሩን በሰም ያሻል፣ ይወጋል፣ ይስባል፤ ጆሮው ግን ያለው እዚያ ነበር፤ ድምፁም እየቀረበ ሄደ።

በመጨረሻ አንድ ረጅም ወታደር ከአጠገቡ ቆሞ ቀና አለ። «ቁልፍ ያዥ፣ ይኼ ማነው የሚባለው?»

ዳልማሆይ ወገቡን አቀና። «ንጉሥ ፊናን፣ የንጉሥ ጆሲና ልጅ፣ የስኮትላንድ አሥረኛው ንጉሥ። የእናንተ አገር ገና ስም ሳይወጣለት የነገሠ።»

«ኩራቱን ከፊቱ አውቄዋለሁ» አለ ወታደሩና ጎራዴውን አነሣ።

«ንጉሥ አይደለም» አለ ኒኒያን፣ ከጭዱ ላይ እየተነሣ።

ዳልማሆይ ክንዱን ለቀም አድርጎ ወደ ጥግ ሳበው። «ኒኒያን» አለው፤ በስሙ ሲጠራው የመጀመሪያው ነበር፤ «ስለ እናትህ ብለህ ዝም በል። ሸንጎአችንን ሸጡት፤ ዘውዱን ቆለፉበት፤ እዚያ ሣጥን ውስጥ ይኑር አይኑር ዛሬ የሚያውቅ ሰው የለም። የቀረን ይህ ግድግዳ ነው። ጎራዴ ቢያርፍበት ሸራ ነው፣ ይሰፋል። ካንተ አፍ የሚወጣው ግን በምን ይሰፋል?»

ኒኒያን ቃሉ እውነት እንዳለበት ገባው። የውሕደቱ ውል ሲፈረም በመኳንንቱ መስኮት ላይ ድንጋይ ከወረወሩት ጎረምሶች አንዱ እርሱ ነበር፤ አገሩን የሚጠላ ሰው አልነበረም። ነገር ግን አገሩ ግድግዳ ላይ የሰቀለችው የአባቱን ፊት እንጂ የአባቱን ስም አልነበረም፤ ፊቱም አሁን በአንድ ክንድ ርቀት ጎራዴ ተቀስሮበታል።

«ጌታው» አለ፣ «ዕድሜ ልኬን የጫማ ሰፊ ልጅ ስትሉኝ ኖራችኋል። ዛሬ ልሁን እንጂ።»

ወደ ሃምሳ አለቃውም ዞረ። «ይህ አባቴ ነው። ጋቪን ፐርዲ ነው ስሙ፤ ከዚህ በላይ ባለው መንገድ ጫማ ይሰፋ ነበር። በስተግራው ያለው ጠማቂ ነው፤ ያኛው ጺማሙ ሥጋ ይሸጥ ነበር። ሠዓሊው ከመንገድ ሰብስቦ ነው ንጉሥ ያደረጋቸው።»

ሃምሳ አለቃው ወደ አጋፋሪው ተመለከተ። «ቁልፍ ያዥ፣ እውነቱን ነው?»

«እብድ ነው» አለ ዳልማሆይ፣ ኒኒያንን ሳያይ። «ሰፈሩ ሁሉ ልዑል እያለ ይቀልድበታል፤ ቀልዱን አምኖ ቀረ።»

ረጅሙ ወታደር ጎራዴውን እንደገና አነሣ።

«እጁን እዩት» አለ ኒኒያን። «እኔን አትመኑ፤ እጁን እዩት።»

ሃምሳ አለቃው ወታደሩን በክርኑ ገፋ አድርጎ ሻማ አነሣና ቀረበ። ሠዓሊው ለፊቱ ጺም፣ ለትከሻው ካባ ሰጥቶታል፤ እጁን ግን ለማሳመር ጊዜ አላገኘም፤ እንዳየው ነው የሣለው። ንጉሡ በትረ መንግሥቱን የያዘው ቆዳ ሊወጋ ያለ ሰው ወስፌ እንደሚይዘው፣ እጀታውን በመዳፉ ውስጥ ቀብሮ፣ ሌባ ጣቱን ዘርግቶ ነው፤ አውራ ጣቱ ጠፍጣፋ ነው፤ በትንሹ ጣቱ ጎን ላይም ሰም የተቀባ ክር ለዓመታት እየተሳበ የቆረጠው ሰርጓዳ መሥመር አለ። ቴቡት ሻማው በእጁ ላይ እስኪንጠባጠብ ድረስ ተመለከተ።

«አባቴ ኖርዛምፕተን ጫማ ይሰፋል» አለ በመጨረሻ። «እኔ ጦር የገባሁት እንዲህ ያለ እጅ እንዳይኖረኝ ብዬ ነው። ይህን መሥመር ንጉሥ ከየት ያመጣዋል?» ወደ ረጅሙ ወታደርም ዞሮ፣ «ክተተው» አለው፤ «በጫማ ሰፊ ላይ ጎራዴ አይመዘዝም።»

«ታዲያ ሃምሳ አለቃ፣ ቀኑን ሙሉ ስንዋጋ የዋልነው ከማን ጋር ነው?» አለ አንዱ ከኋላ። «ከሥጋ ቤት ጋር?»

ሣቁ ከአንዱ ወደ አንዱ ተላለፈ። ሻማ እያነሡ በግድግዳው ሥር መዞር ጀመሩ፤ «ይኼ ዳቦ ጋጋሪ ነው»፤ «ይኼ በግ ሰርቆ የተያዘ ነው፣ ዓይኑን እዩት»፤ «ይኼስ አክስቴ ናት፣ ጺሟን ሳትላጭ።» ቁጣው በሣቅ ወጥቶ አለቀ፤ ከፊናን ወዲያ ያሉት የጥንት ነገሥታት ሁሉ በዚያች ቀን ሳይነኩ ቀሩ። ንቀት ያተረፋቸውን ክብር ባላተረፋቸው ነበር። ዳልማሆይ ጭዱ ላይ ተቀምጦ ፊቱን ሸፈነ። ኒኒያን የጀመረውን ጫማ ጨርሶ ወጣ።

የጫማ ሰፊ ነገሥታት ወሬ ከወታደሮቹ ጋር በየመጠጥ ቤቱ ገባ። በፀደይ ጦሩ ወደ ሰሜን ዘምቶ ደገኞቹን ኩሎደን ላይ ሲጨርስ ወሬው ግን ካኖንጌት ቀረ፤ በግንቦትም የጫማ ሰፊዎች ማኅበር ኒኒያንን ለፍርድ ጠራው።

«ነገሥታታችንን በእንግሊዝ ፊት አዋርደሃል» አለው የማኅበሩ አለቃ ጊብ።

«በምን አዋረድኳቸው?»

«ጫማ ሰፊ ናቸው ብለህ።»

ኒኒያን በየወንበሩ ያሉትን የማኅበር ወንድሞቹን ዞር ብሎ አያቸው፤ ከዚያ ሁሉ እጅ ክር ያልቆረጠው አንድም እጅ አልነበረም። «እዚህ ቤት ውስጥ በዚህ ስድብ የሚቆጣው ማነው?» አለ።

የሣቀ አልነበረም። እነርሱ ከማንም ይልቅ ሥራቸውን ይንቁ ነበር፤ ንጉሥ እነርሱን ቢመስል ንጉሡ ወረደ እንጂ እነርሱ ከፍ አሉ ብሎ ለማሰብ የደፈረ የለም። የወንድም ሬሳ ሲወጣ በቃሬዛው ላይ የሚዘረጋ ጥቁር የከፋይ ጨርቅ ነበራቸው፤ ድኻው ሁሉ ያን ቀን እንኳ እንደ ጌታ እንዲሸኝ ዕድሜውን በሙሉ የሚያዋጣበት ነው። ያ ከፋይ በኒኒያን ፐርዲና በቤቱ ሬሳ ላይ እንዳይዘረጋ ተፈረደ። አጋፋሪውም የወጥ ቤቱን በር ዘጋበት።

«ያዳንከውን ሳታየው ልትሞት ነው?» አለችው ግሪዜል አንድ ቀን።

«አለ አይደል» አለ።

«አለ፤ ላንተ ግን የለም።»

«ትናንት ወስፌውን ሳነሣ ታየኝ» አለ ኒኒያን፣ እንደ መሳቅ ብሎ። «ያለ ዘውድ አይደለም። ዘውዱን ግን ጠመም አድርጎታል።»

ከጥቂት ክረምት በኋላ ሞተ፤ የአልጋው ብርድ ልብስ ተዘርግቶበት፣ ኳንቲንና ሦስት ጎረቤቶች ተሸክመው ቀበሩት። ሥዕሉን ከዚያች የጥር ቀን ወዲህ አላየውም ነበር።

ዓመታት አለፉ። የተቀደዱት ሸራዎች ተሰፉ፤ ከሩቅ የሚመጡ እንግዶች እየከፈሉ አዳራሹን ይጎበኙ ጀመር። ግሪዜልም አንድ ቀን የበዓል ቀሚስዋን ለብሳ ከእንግዶቹ ጋር በፊት ለፊቱ በር ገባች። ያረጀው ዳልማሆይ በዘንጉ እያመለከተ ይተርክ ነበር፤ ፊናን ዘንድ ሲደርስ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ወታደሩ ጎራዴውን አነሣ» አለ፤ «ነገር ግን በዚህ ንጉሥ ግርማ ፊት ክንዱ ዛለ። ለጓዶቹም ይህን አትንኩ ብሎ ተንበረከከ። እኔ በዓይኔ ያየሁት ነው።»

እንግዶቹ በአድናቆት ተንሾካሾኩ፤ አንዱ በማስታወሻው ጻፈው። ግሪዜል ሥዕሉን ለረጅም ጊዜ አየችው፤ የባሏን ጆሮና የባሏን ቅንድብ አገኘችበት። ከኋላ ሆና ጠየቀች፦

«ጌታው፣ ይህ ንጉሥ የት ተቀበረ?»

አጋፋሪው አወቃት። ዘንጉን ወደ መሬት አወረደ።

«በአዮና ደሴት ነው፣ እመቤት» አላት በዝግታ። «የጥንት ነገሥታት ሁሉ የሚያርፉበት ነው። ሣሩ አረንጓዴ ነው፤ ባሕሩ በሁሉም ወገን ይታያል።»

«ደኅና ቦታ ነው» አለች ግሪዜልና ወጣች።

ፊናን የሚባል ንጉሥ ከቶ እንዳልነበረ በኋላ የመጡት ሊቃውንት ጻፉ፤ ዘመኑን፣ አባቱን፣ መቃብሩንም የተረት ነው አሉ። ስሙ ግን በወርቅ ቀለም ተጽፎ ይኖራል፤ ሰይፍ ያቆመው ግርማውም በእንግዶች ማስታወሻ ሰፍሯል። ጋቪን ፐርዲ ግን ነበረ፤ ጫማ ሰፍቷል፣ ልጅ ወልዷል፣ ባሕር ተሻግሮ ሞቷል፤ ልጁም ነበረ። አገራቸው የምትኮራበት ፊት ቸገራትና ከድኾችዋ ወሰደች፤ ስማቸውን ግን አልጠየቀቻቸውም።